የከሰል ቤቱ በር

አንድ ሰው ነበረ፤ እሳት እያፈነ የሚኖር።

ሌላው ሰው እሳት የሚያነደው ሊያበስልበት ነው፤ ሊሞቀው ነው። እሱ ግን የሚያነደው ሊያፍነው ነበር። እንጨት ይከምራል። ክምሩን በቅጠል ያለብሳል፤ በቅጠሉ ላይ አፈር ይመልሳል፤ ከሥሩ ይለኩሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሥራው መዞር ነው። አፈሩ የተሰነጠቀበትን በጭቃ ይመርጋል። ጭሱ ነጭ ሆኖ ሲትጎለጎል ይታገሠዋል፤ ሳስቶ ሰማያዊ ሲሆን የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ውስጥ ያለው እንጨት አየር ያጣል። መንደድ አይችልም፤ መብረድም አይችልም። እዚያው እንዳለ ይጠቁራል።

ከሰል አክሳይ ነበረ ሰውዬው።

የሙያው ሕግ አንዲት ናት፤ ትኩስ ክምር አይከፈትም። የቸኮለ አክሳይ አፈሩን ሲገልጥ መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ከሰሉ ጥቁር ነው፤ ሙሉ ነው። ከዚያ ነፋስ ይገባል። ዓይኑ እያየ ጥቁሩ ሁሉ ይቀላል፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ አመዱን ያያል። የኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ታጋሽ ነበር። እሳት አየር ሲያጣ ይተኛል፣ ይል ነበር።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

፠

«ዶክተር፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ከሰል አይደለም» አለች ወለላ።

የጠየቀችው ስለ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ክንፈ ከፊት ለፊቷ ካለው በር ወዲያ፣ በልብ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። እሷ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ምሳ ዕቃ አለ፤ ሾርባው ቀዝቅዟል።

ትናንት ማለዳ ክንፈ ሚኒባሱን ሊያስነሳ ሲል ደረቱን ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። የልቡ ደም ስር ተዘግቷል፣ ይከፈት ወይ ብለው ጠየቋት። ይከፈት ብላ ፈረመች። ተከፈተ። ደሙ ተመለሰ። «እሰይ!» ሲሉ በመስታወቱ በኩል ሰማች። ወዲያው የሁሉም ፊት ተለወጠ። ደም ያገኘው ልብ እንደ ተያዘ ወፍ ተርበተበተ። በስንት መከራ መለሱት።

ዛሬ ደግሞ አንድ ወጣት ሐኪም እውነቱን አልደበቃትም። ልቡ ደክሟል አላት፤ ከጉዳቱም ከፊሉ የመጣው ደሙ ሲመለስ ነው። ይህን ከሰማች ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ አልገባችም። ክንፈ በነርሷ በኩል ደጋግሞ አስጠርቷታል። አልሄደችም።

በክፍሉ ከሐኪሞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ዶክተር ገሠሠ አጠገቧ ሲቀመጡ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። እንዳቀረቀረች ጠየቀች፤ «ያዳነው ነገር ነው የጎዳው? ባልፈርምስ ኖሮ?»

እሳቸውም «አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ።

«መልስሽ ነው» አሉ አሁን። «ታገሺኝ። ሰውዬው ወንድም ነበረው።»

፠

ወንድሙ ታናሹ ነው። ከተማ ውስጥ ጎማ ይጠግናል። በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣ ግቢው በሳቅ ይሞላል።

ያን ቀን ወንድማማቾቹ ክምሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ታላቁ አፈሩን በመዳፉ እየዳሰሰ ይዞራል።

«ጋሼ፣ ይሄን ክምር እኮ እንደ አራስ ነው የያዝከው» አለ ታናሹ። «ገንፎ ብቻ ነው ያላበላኸው።»

«እኔ አራስ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አልዞረኝም!» አለች የአክሳዩ ሚስት ከወዲያ።

ሦስቱም ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ከተራራው ጀርባ ደመናው መጣ። ወቅቱ አልነበረም። አክሳዩ የበጋ ሰማይ ነው ብሎ ክምሩን ውሃ መውረጃው ላይ ነበር የሠራው።

«ጋሼ፣ ይዘንባል። እናውጣው።»

«አልበረደም።»

«ታዲያ ጎርፍ ይውሰደው?»

አክሳዩ መዳፉን አፈሩ ላይ እንደገና አኖረ። በላይ በኩል በርዷል። ሆዱን ሊያውቅ አልቻለም። ሰማዩን አየ፤ የወንድሙን ፊት አየ። በሙያው ዘመን ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከፈተው። ከሰሉ ጥቁር ነበር፤ አንድም የቀላ አልነበረም። ተጣድፈው በማዳበሪያ ሞሉት፤ ተሸክመው ከሰል ቤት አስገቡት። የመጨረሻውን ሲያስገቡ ዝናቡ ወረደ።

ስለዚያ ከሰል ቤት ልንገርሽ። አክሳዩ የሠራው ክምሩን በሚሠራበት እጅ ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳው ደጋግሞ የተመረገ ነው፤ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ሁሉ በጭቃ ተደፍኗል። በሩ የአሮጌ ጭነት መኪና ሳንቃ ነው። እርጥበት ከሰል ያበላሻል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ቤት ሲሠራ ለብርሃን ቀዳዳ ሲተው፣ እሱ ቀዳዳ ሲፈልግ የኖረው ሊደፍነው ነበር።

ዝናቡ በረታ። መኖሪያ ቤቱ ያፈሳል። ታናሹ ወንድም በስብሷል፤ ደክሟል። ማንንም ሳያስቸግር ወደ ከሰል ቤቱ ሄደ። ጫማውን ውጭ አወለቀ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ደስ የሚል ሙቀት አለው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። በሩን ዘጋ፤ ውሃ እንዳይገባ ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ከበሩ ሥር ወተፈ፤ ሌላ ማዳበሪያ አንጥፎ ተኛ።

ከዝናቡ የሸሸች አንዲት ዶሮም ተከትላው ገብታ ነበር።

፠

ዝናቡ አባራ። ፀሐይ ወጣች። ግቢው በእንፋሎት ጤሰ።

አክሳዩ ከቤት ወጥቶ ሲንጠራራ ከከሰል ቤቱ ጣሪያ ጥግ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ አየ። ወዲያው ገባው። ከማዳበሪያዎቹ የአንዱ ልብ አልበረደም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽ ነበር። እሱ አልጮኸም። ሰማያዊ ጭስ ያውቃል፤ ሰማያዊ ጭስ የታፈነ እሳት ነው። ቤቱ ድፍን ነው። ማንም ካልከፈተው ይተኛል።

ዘንቢሉን አንስቶ ሊሄድ ሲል ሚስቱ ወጣች።

«ወንድምህስ?»

«ወደ መንገዱ ወርዶ ይሆናል።»

«በባዶ እግሩ?»

ወዴት እንደምታይ አየ። ከከሰል ቤቱ በር አጠገብ ጥንድ ጫማ ነበር። የጣሪያው ውሃ እየተንጠባጠበበት ሞልቶ ፈሷል።

ዘንቢሉ ከእጁ ወደቀ። ሮጠ። በሩን ደበደበው። ጠራው። ከውስጥ የሚመልስ የለም። ገፋው፤ የተወተፈው ማዳበሪያ ያዘው። መጥረቢያ አመጣ። ሳንቃውን ሲፈነክት ስለ ክምር አላሰበም፤ ስለ ሕግ አላሰበም። ሊያስብ የሚገባውም አልነበረም። ወንድሙ አየር አጥቷል። አየር ይግባለት። ከዚህ ሌላ በጭንቅላቱ ውስጥ ምንም አልነበረም።

በሩ ተከፈተ።

ቤቱ ተነፈሰ።

ወደ ውጭ አይደለም፤ ወደ ውስጥ። አክሳዩ የሸሚዙ ጫፍ ወደ በሩ ሲሳብ ታወቀው። ሊወጣ የነበረው ጭስ ተመልሶ ገባ። ለአንድ አፍታ ውስጡ ጠራ፤ ወንድሙን አየው። መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ደረቱ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ።

«አለ!» ብሎ ጮኸ። «አለ! ይተነፍሳል!»

ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ጥቁሩ ሁሉ ቀላ።

ድምፁ የእሳት ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ትልቅ ጨርቅ መራገፍ ነበር። ነበልባሉ ከማዳበሪያዎቹ ተነሥቶ አየሩ ወደመጣበት ወደ በሩ ሮጠ፤ በመንገዱ ላይ ወንድምየው ነበር። እልልታው ሌላ ነገር ሆኖ ከሴትዮዋ አፍ ወጣ።

አክሳዩ ገባ። እግሩን ይዞ ጎትቶ አወጣው። ሚስቱ ጭቃ የነካ ጋቢ ወረወረችበት። ሰው ተሰበሰበ፤ ውሃ መጣ፤ እሳቱ ጠፋ። ወንድምየው ይተነፍሳል።

ጋቢውን ሲገልጡት አክሳዩ አየው። የቀኙ ፊት፣ የቀኙ ክንድ፣ የቀኙ ጎን ተለብልቧል። የግራው እንዳለ ነው። ቀኙ ወደ በሩ፣ አየሩ በገባበት በኩል የነበረው ነው።

ሌላ ምስክር አያስፈልገውም ነበር። ወንድሙን ያቃጠለው የተዘጋው ቤት አልነበረም። እሱ የከፈተው በር ነው።

፠

ሰው መቼም አያርፍም።

«አክሳይ ሆኖ?» አሉ።

«ትኩስ አይከፈትም ብሎ እኛን የሚቆጣን እሱ አይደል?»

«ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት!»

አክሳዩ ሰማቸው። ወንድሙን ቤት ውስጥ አስተኙት፤ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ባለሙያ ቁስሉን ታጥብለታለች። አክሳዩ ግን ከራሱ ቤት ደጅ ተቀመጠ። እዚያው ይበላል። ወንድሙ ከውስጥ «ጋሼ!» ይላል። እሱ ግድግዳውን እንደተደገፈ ይቀራል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ሚስቱ። «በገዛ ቤትህ እንግዳ ሆንክ እንዴ? ይጠራሃል እኮ።»

«ገብቼ የትኛውን ፊቱን ልይ?»

«ያለውን!» አለችው።

አልተነሣም።

፠

«ልክ ነው» አለች ወለላ። «እኔም ብሆን አልገባም። ምን ብሎ ይገባል? እጁ እኮ ነው።»

«እጁ ነው» አሉ ዶክተር ገሠሠ። «አልካድኩሽም።»

ይህን አልጠበቀችም ነበር። የለም፣ አይደለም እንዲሏት ነበር የፈለገችው። ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው።

«አልጨረስኩም» አሉ።

፠

ከቀናት በኋላ አክሳዩ ከሰል ቤቱን ሊያጸዳ ገባ። ወንድሙን ሊያይ ያልቻለ ሰው ሥራ ይፈልጋል። አመዱን አፈሰ። የተቃጠሉትን ማዳበሪያዎች ጎተተ። ወንድሙ የተኛበት ቦታ ደረሰ። ከዚያ አልፎ፣ እሳቱ ያልዞረበት ጥግ፣ ከአሮጌ በርሜል ጀርባ አንድ ነገር አየ።

ዶሮዋ ነበረች።

ተኝታለች። አንገቷን በክንፏ ሥር አስገብታለች፤ ዶሮ ሁልጊዜ እንደምትተኛው። በሕይወት ያለች መስሎት እሽ አላት። አልተንቀሳቀሰችም። አነሳት። ደርቃለች፤ ቀልላለች።

የተቃጠለችበትን ፈለገ። ክንፏን ገለጠ፤ ሌላውን ክንፏን ገለጠ። ላባዎቿን በትንፋሹ እየበተነ ቆዳዋን አየ። ጅራቷን አየ፤ እግሯን አየ። አንዲት ላባ አልተለበለበችም። ቀይ ዶሮ ነበረች፤ ቀይነቷ በከሰል ቤቱ ጥላ ውስጥ ያበራል። ገበያ ቢያወጧት ምን የመሰለች ዶሮ ያሰኛል።

እሳቱ አልነካትም። በሩ ሲከፈት ሞታ ነበር። ያደረጋት ምንም ነገር የለም፤ አየር ማጣት ብቻ።

አክሳዩ በርሜሉን ይዞ ቁጭ አለ። በሩ አልከፈት ብሎት ጥቂት ቢቆይ፣ ያ የሚስቱ ጥያቄ ጥቂት ቢዘገይ፣ ወይም ጎረቤቶቹ እንደሚሉት ቢታገሥ፣ ከዚህ ቤት ተሸክሞ የሚያወጣውን ወንድም አሁን አየው። ፊቱ በሁለቱም ወገን ያማረ። ክንዱ ሙሉ። አንድ ጭረት የሌለበት። ሬሳ።

ጮኸ። ሚስቱ ሮጣ ስትመጣ ዶሮዋን አቅፎ ግቢውን እያቋረጠ ነበር። አልፏት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልረገጠውን ደፍ ረገጠ፤ ገባ።

ወንድምየው በአንድ ዓይኑ አየው። ሌላው በፋሻ ተሸፍኗል።

«ጋሼ» አለ፤ ከንፈሩ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚስቀው። «መጣህ? ዶሮ ልታርድልኝ ነው?»

«አትታረድም። ሞታለች። ካንተ ጋር ነበረች፤ እዚያ ቤት።»

ወንድምየው እጁን ዘረጋ፤ ደህናውን። ዶሮዋን ዳሰሳት። ላባዋን አገላበጠ። እሱም ታላቁ የፈለገውን ፈለገ። ሳቁ ከፊቱ እየጠፋ ሄደ።

«ምንም አልነካትም» አለ።

«ምንም አልነካትም» አለ አክሳዩ።

ተያዩ። አክሳዩ ያን ጊዜ ነው የወንድሙን ፊት፣ ያለውን፣ ያየው።

ወንድምየው ዳነ፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። አክሳዩም ወደ ሥራው ተመለሰ። የከሰል ቤቱን ሲያድስ ከግድግዳው ሥር መተንፈሻ ተወለት። ከዚያ ወዲያ ትኩስ ነገር የግድ መክፈት ሲኖርበት ከታች በኩል፣ በትንሹ፣ ነበልባል ቢነሣ የሚያፍንበት እርጥብ ማዳበሪያ በእጁ ይዞ ይከፍት ነበር። ይከፍት ግን ነበር።

፠

ዶክተር ገሠሠ ወደ ወለላ ዞሩ።

«አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፣ ልጄ። የወንድምሽ ልብ ያ ከሰል ቤት ነው። ደም ስሩ ሲዘጋ በሩ ተወተፈ። አየር ያጣ የልብ ሥጋ ዝም ብሎ የሚተኛ ይመስላል። አይተኛም። በአየር አቃጥሎ ኃይል ያደርገው የነበረውን ነገር ማቃጠል ሲያቅተው ያጠራቅመዋል። በሥጋው ውስጥ አየሩን በልኩ ይቀበሉ የነበሩት ጥቃቅን ጓዳዎችም ይበላሻሉ። ከዚያ እኛ በሩን እንከፍታለን፤ ደሙ ኦክስጅን ተሸክሞ ባንዴ ይገባል፤ የተጠራቀመው ባንዴ ይያያዛል። ነበልባል አይታይም። ብልጭታው ከዓይን ያነሰ ነው፤ ግን የደረሰበትን ሥጋ ይለበልባል። ትናንት እሰይ ስንል፣ እሰዩ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ያየነው እሱን ነው። ወጣቱ ሐኪም አልዋሸሽም። ከጉዳቱ ከፊሉ የመጣው በከፈትነው በር ነው። እጃችን ነው፤ የኔም፣ ያንቺም።»

ወለላ ምሳ ዕቃውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ግን ቃጠሎው የተሰናዳው በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ባትፈርሚ ኖሮ ዛሬ የወንድምሽ ልብ የተለበለበ አይሆንም ነበር። ይህ ብልጭታ ጨርሶ ያልነካው ልብ ነበር የምሰጥሽ። እንደ ዶሮዋ።»

የሆነ ቦታ የሕሙማን አልጋ ጎማ እየተንቋቋ ያልፋል።

«ሌላ ሰው ቢመጣስ?» አለች ወለላ በመጨረሻ። «እንዲህ እንደሚሆን እያወቃችሁ ትከፍታላችሁ?»

«እየሮጥን እንከፍታለን። በዘገየን ቁጥር ለብልጭታው የሚሆነው ይጠራቀማል። እርጥቡን ማዳበሪያ ነው ገና ያላገኘነው፤ ብዙ ሰው እየፈለገው ነው፤ እስካሁን ልክ የሆነ የለም።»

የክፍሉ በር ገርበብ አለ። ነርሷ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እህቱ አሁንም እዚህ ናት? እየጠራት እኮ ነው። ሾርባ ካመጣችልኝ ጨው አብዝታበት እንደሆን እንዳትሰጠኝ እያለ ይቀልዳል።»

ወለላ ተነሣች። ተነሥታም ቆመች።

«ያ አክሳይ አንቺ ነሽ» አሏት ዶክተር ገሠሠ። «ወንድሙም ከውስጥ እየተጣራ ነው። የትኛውን ልቡን ልይ አትበይ። ያለውን እይ። ግቢ።»

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ሲደርስ ጨመሩ፤

«ቀስ አድርገሽ ክፈቺው ብቻ።»